መጥረቢያ ይዞ የመጣ ጎብኚ

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የነገረኝ ታደሰ ነው፤ መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር የመኪና መጠገኛ ያለው መካኒክ። ስልኩን እንዳነሣሁ ሰላምታ አላስቀደመም። «ዶክተር፣ ጋሽ ይመርን ቀብረን መመለሳችን ነው» አለኝ። ለምን ቀድሞ እንዳልደወለ ጠየቅሁት። ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ መቅረታቸውን፣ እስላም ሬሳ እንደማያሳድር፣ እኔ ከወልድያ እስክደርስ ደግሞ እንደማይጠበቅ በአጭሩ አስረዳኝ። ትክክል ነበር። ከዚያ ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል እርሱም እንደ ነበረበት ነገረኝ። ይህን ያለው በኩራት ነው። ክርስቲያኑ ታደሰ ያን ቃሬዛ ለመሸከም ለምን እንደ ተገባው በሚገባ ከሚያውቁት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ሰው ማድነቅ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም። የደን ሥነ ምህዳር አጥንቼ፣ ሁለት አገር ተምሬ ተመልሻለሁ። ትምህርቴ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ እስካሁን ያልከዳኝ አንድ ችሎታ፣ ሰው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ሲናገር ቶሎ መለየት ነው። ይህ ችሎታ ወዳጅ አያበዛም። ጋሽ ይመር በዚህ በኩል እንከን አልነበረባቸውም፤ የማያውቁትን «እሱን አላውቅም» ይላሉ፤ የሚያውቁትን ግን ማንም ቢሟገታቸው አይለቁም። ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጉዳይ ለዓመታት ተሟግቻለሁ። ጉዳዩ የሙያዬ ዋና ጉዳይ ነበር፤ የተሸነፍሁትም እኔ ነኝ።

ወይራ አፋፍ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና በስተምዕራብ፣ ቆላው አልቆ ደጋው ሊጀምር በሚቃጣበት ገደላማ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ደን ነው። ከሥሩ ወይራ፣ ከመካከሉ ዝግባ፣ ከአናቱ ጽድ ይዟል። ድኩላ አለበት፤ ሰስ አለበት፤ ነብር መኖሩን ከዱካው አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ፣ በዚያ አካባቢ ሌላ ቦታ ፈልጌ ያላገኘሁት የጉሬዛ መንጋ አለበት። ከጦርነቱ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ደን ለካሁት። በመጨረሻም ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሊከለል እንደሚገባ የሚያስረዳ ጥናት ጽፌ፣ በሦስት ቅጂ አስጠርዤ አስረከብሁ። ሦስቱም ቅጂዎች ንጹሕ መደርደሪያ ተሰጣቸው። ከአንባቢ በቀር የጎደለባቸው ነገር አልነበረም።

የዚያ ሁሉ ደን ጠባቂ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ጋሽ ይመር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸውን ያዘነበለው ለረጅም ዘመን ያነገቱት ጠመንጃ ነው። ጉልምስናቸውን ከትውልድ ወረዳቸው ከሐብሩ ርቀው፣ በአንድ ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ የጥበቃ ስካውት ሆነው አሳልፈዋል። ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ ያመጡት ሀብት አንድ የካኪ ካፖርትና አንድ ሐሳብ ነው። መፋቂያ ከአፋቸው አይለይም፤ የሚያወጡት ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ ብቻ ነው። ደኑን ማንም ገና ሳይከልለው «ፓርኩ» ይሉት ነበር። የመርሳ ሰው ይህን ሰምቶ «የይመር ፓርክ» እያለ ይስቅባቸዋል። የባጃጅ ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው አንበሳው ዛሬ በልቶ እንደ ሆነ ይጠይቋቸዋል። እርሳቸውም አንበሳ እንደሌላቸው፣ ግን የጠየቃቸው ሰው ቢመጣ ያላቸውን እንደሚያሳዩት ይመልሳሉ። ሲጋብዙ የምር ነው። ቀን ቆርጠው ይጠይቃሉ፤ ሳምንት ቆይተውም ለምን እንደ ቀረ ይጠይቃሉ።

ከትልቁ ፓርክ ይዘውት የመጡትን ሐሳብ አንድ ጊዜ ብቻ በግልጽ ነግረውኛል። በአፋፉ በር ላይ ተቀምጠን ነበር። በር የሚሉት ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ድንጋዮችን ነው፤ አጥር የለውም። መፋቂያቸውን አወጡ።

«እዚያ ፈረንጁ በበሩ ይገባል፤ ጎረቤት በአጥር ይገባል» አሉ። «ፈረንጁን ሰላም ብለን፣ ውኃ ሰጥተን፣ ተራራውን አሳይተን እንሸኛለን። ጎረቤቱን እናባርራለን። በአጥር የገባ ሰው እንግዲህ ሌባ ነው፤ ሌባ ደግሞ የሌባ ሥራ ይሠራል። ስንት ዘመን ሌባ ሳባርር ኖሬ፣ ሌባውን የማበጀው እኔው ነኝ ለካ።»

ስለዚህ እዚህ ጎረቤትን በበሩ ማስገባት ጀመሩ። አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማንንም ያገኙትን ይጠራሉ። አብዛኛው አይመጣም። የመጣውን ግን እንደ ቤታቸው እንግዳ ይቀበሉታል። በወሎ ገጠር እንግዳ ደጅ ሲደርስ በቅድሚያ የሚደረገው ዱላውንና ሸክሙን መቀበል ነው። የተቀበለው ባለቤት እንግዳውን በኃላፊነት ወስዷል፤ የሰጠውም እንግዳ አንዳች ቃል ሳይናገር ቃል ገብቷል፤ ዱላው እስኪመለስለት ድረስ በዚያ ቤት ጠብ አያነሣም። ይህን ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም። ዱላውን አልሰጥም ያለ ሰው ግን ቤቱን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ጋሽ ይመር በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆመው የእያንዳንዱን ሰው ዱላ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ስሙንና ቀዬውን ጠይቀው፣ ዱላውን በትከሻቸው ይዘው ደኑን ያስጎበኛሉ፤ ሲያበቁም በሁለት እጃቸው ይመልሳሉ።

እኔ ይህን ሁሉ የጊዜ ብክነት ብዬው ነበር። የተቀጠሩት ለጥበቃ እንጂ ለማስጎብኘት እንዳልሆነ ነግሬአቸዋለሁ። ደን የሚጠበቀው በሕግ፣ በድንበርና በበቂ የሰው ኃይል እንደ ሆነ የሚያስረዳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌአለሁ፤ ምዕራፉንም በቃሌ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ዶክተር፣ እኔ አንድ ነኝ» አሉኝ። «አፋፉ ሰባት መውጫ አለው። ስድስቱን ማን ይጠብቅልኝ?»

በቂ የሰው ኃይል ያልሁት ለዚህ እንደ ሆነ መለስሁላቸው። «እኮ፣ እኔም እሱን እየሰበሰብሁ ነው» አሉ፤ መፋቂያቸውንም መለሱ። ክርክሩ በእርሳቸው በኩል አልቋል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ እኔ ወደ መርሳ፣ ወደ አክስቴ ቤት ሸሸሁ። መሸሽ ያልሁት ከልማድ ነው፤ ጦርነቱም ጥቂት ቆይቶ ተከተለኝ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ወፍጮ ቆመ። ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለለት ማገዶ ነው። ወፍጮ ሲቆም እህል እንዳለ ይቀቀላል፤ ንፍሮ የሚበላው እንጨት ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ባሕር ዛፉን ለክፉ ቀን ብሎ በጓሮው ያቆየ ሰው ሁሉ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ የራሱን ትቶ የማንም ወዳልሆነው ደን ሄደ። ከወይራ አፋፍ ትይዩ ያለው ኮረብታ በሁለት ወር ውስጥ ተላጨ። ከአክስቴ ደጅ ሆኜ በየቀኑ ወደ ታች እያነሰ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ቀጣዩ ወይራ አፋፍ መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ተምሬአለሁና አሰላሁት፤ በዚያ አያያዝ ደኑ ጥቅምትን አይሻገርም። የሚያስጥለውም አልነበረም። ሕጉን የሚያስከብሩት ሰዎች ሸሽተዋል፤ በመሥሪያ ቤታቸው ፍየሎች ያድሩበታል። በበሩ ላይ የቀሩት ደመወዝ የሚከፍላቸው የሌለ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስሌቴ ስሕተት አልነበረበትም። ያላስገባሁበት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጧት መጥረቢያ ይዤ ወደ ወይራ አፋፍ ወጣሁ። ይህን ሳላስጌጥ እጽፈዋለሁ። አክስቴ ሆዷን ታማ ያልፈላ ውኃ መጠጣት አትችልም ነበር፤ በቤቱ ያለው የመጨረሻ እንጨት ደግሞ የመቀመጫው በርጩማ ነው። ደኑ እንዲከለል የጻፍሁት እኔ፣ ከደኑ ልቆርጥ ሄድሁ። በበሩ ላይ ስደርስ ስምንት ያህል ሰዎች ቀድመውኛል፤ ሁሉም መጥረቢያ ወይም ገጀራ ይዘዋል። ታደሰን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሰዓዳ የምትባል፣ ግራና ወንዝ አጠገብ ማንጎና ብርቱካን የምታለማ፣ አፏ የተሳለ ሴትም ነበረች።

ጋሽ ይመር ከተቀመጡበት ተነሥተው የእያንዳንዱን ሰው መጥረቢያ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። አይከለክሉም፤ አይቆጡም። እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ፤ ስም ይጠይቃሉ፤ ቀዬ ይጠይቃሉ። ልክ ዱላ እንደሚቀበሉት ነው። ሰውም፣ ለመቁረጥ የመጣው ሰው፣ እጁ ከልቡ ቀድሞ ሲሰጥ አየሁ። ሰዓዳ ግን ሳትናገር አልሰጠችም።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ ማገዶ እንጂ ሽርሽር አላማረኝም» አለች።

«ቤትሽ የመጣ ሰው ሰላም ሳይልሽ ሌማትሽን ይከፍታል?»

«ጦርነት ላይ ነን እኮ» አለ ታደሰ ከኋላዋ። «ጉብኝቱ ለሰላም ጊዜ ቢሆንስ?»

«በሰላም ጊዜማ ስንቴ ጠርቼህ ቀረህ» አሉት፤ ሰዉም ሳቀበት።

የእኔ ተራ ደረሰ። መጥረቢያዬን ተቀበሉና ማን እንደምባል፣ ከየት ቀዬ እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። እንደሚያውቁኝ ነገርኋቸው።

«አውቅዎታለሁ፤ ጎብኚ ሆነው ግን ዛሬ መምጣትዎ ነው።»

በዚህ ደን ውስጥ ሦስት ዓመት እንደ ተመላለስሁ አስታወስኋቸው።

«ለክተውታል፤ አልጎበኙትም» አሉ። በዚህ ቃል ውስጥ ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስሜንና ቀዬዬን ተናግሬ እንደ ሌላው ገባሁ። ጋሽ ይመር ዘጠኝ መጥረቢያና ገጀራ ተሸክመው ከፊታችን ይሄዳሉ። የጉብኝታቸው ሥርዓት ከሰላሙ ጊዜ በምንም አልተለወጠም። መጀመሪያ ከአንድ ያረጀ ወይራ ሥር ወደሚፈልቀው ምንጭ ወሰዱን። ሁላችንም እጃችንን ከተን እንድንጠጣ አደረጉ። ከዚያ ሰዓዳን ብርቱካኗን የምታጠጣበት ቦይ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቋት። ከወንዙ እንደሚመጣ መለሰች። ወንዙስ ሲሏት እጇን ከውኃው አወጣች፤ የወይራውንም ሥር ተመለከተች። ቀጥለው አንድ ገደል ለገደል የተቀደደ ቦረቦር ጫፍ ላይ አቆሙን። በልጅነታቸው እዚያ ላይ ዛፉ ተመንጥሮ እንደ ታረሰ ነገሩን። «ሁለት ጊዜ ምርት ሰጠ» አሉ። «በሦስተኛው ክረምት ወርዶ ሦስት ቤት ወሰደ። አንደኛው የአጎቴ ነው።» ከቦረቦሩ ሥር የቀረውን ድንጋይ እስክናየው ጠበቁ።

በመጨረሻ ከዝግባዎቹ ሥር አስቀመጡን፤ መዳፋቸውንም አነሡ። መዳፋቸው ሲነሣ ዝም ማለት ነው። ብዙ ቆየን። ከሩቅ መድፍ ይሰማል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ልጇን በጡቷ ዝም አሰኘችው። ከዚያ ከበላያችን ቅርንጫፉ ተንቀሳቀሰና ጉሬዛዎቹ መጡ፤ ጥቁር ለብሰው፣ ከጀርባቸው ነጭ ጋቢ አዘንብለው፣ አንድ በአንድ እየተወረወሩ። አንዲቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል በሆዷ ለጥፋለች። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬአለሁ። ያን ቀን ግን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ዛፍ የሚለካው በደረት ከፍታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ደን ውስጥ ዓይኔ ከደረቴ ከፍታ በላይ የተነሣው አልፎ አልፎ ነው።

«ሱብሐነላህ» አለች ሰዓዳ በሹክሹክታ። ጋሽ ይመር መዳፋቸውን አወረዱ።

«ክርስቲያኑ መነኩሴ ነው ይለዋል፤ እኛ ደግሞ ነጭ ስለ ለበሰ ሐጂ እንለዋለን» አሉ። «መሬት አይወርድም፤ የማንንም እህል አይነካም። ያለው ቤት ይኸ ብቻ ነው።»

ከዚያ መጥረቢያዎቹን በሁለት እጃቸው መለሱልን። ጉብኝቱ ማለቁን ነገሩን፤ በአንድ እጃቸው የወደቀውንና የደረቀውን እንጨት፣ በሌላው የቆመውን አመለከቱ። «እንጨት እዚህም አለ፤ እዚያም አለ» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ በሩ ወረዱ። ሌሎች ጎብኚዎች መጥረቢያ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዎች መሣሪያችንን ይዘን ቆምን። የሚያየን አልነበረም። ሰዓዳ እንደ መርገም የሚመስል ነገር አጉረመረመችና የወደቀውን ግንድ መፍለጥ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔም ፈለጥሁ፤ እጄ እስኪላጥ። ታደሰ ብቻ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ የቆመ ጽድ ቆረጠ። ሲወድቅ ሁላችንም ሥራ አቆምን።

በበሩ በኩል ሲያልፍ ጋሽ ይመር የተሸከመውን አዩ። ቅርንጫፉን ትቶ እንደ ሆነ ጠየቁት። ነገ እንደሚወስደው ተናገረ። «ተመለስና አሁኑኑ ውሰድ» አሉት። «ቆርጠህ ጥለኸው የሄድህ እንደ ሆነ ነው የምንጣላው።» ታደሰ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። እኔ ተቈጣሁ፤ ለምን እንዳልከለከሉት፣ ይህ ጥበቃ ከተባለ ጥበቃ ያልሆነው ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ከእኔ ቁጣ ይልቅ የእንጨቴን እሥር መላላት አይተው ገመዱን አጠበቁልኝ።

«ብከለክለው በሌላው መውጫ ተደብቆ ይመጣ ነበር» አሉ። «አሁን ግን በበሩ ገብቶ፣ አይቶ ነው የቆረጠው። ያየ ሰው ሲቆርጥ ይከብደዋል። አብሽሩ ዶክተር፤ ይክበደው ተዉት።»

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወጣሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ መጥረቢያዬን ሰጠሁ፤ ጎበኘሁ፤ የደረቀ ለቅሜ ተመለስሁ። ሰው እንደ ጉድ ይመጣል። በሌላው መውጫ ገብቶ የሚቆርጥም ነበር፤ ግን እየሳሳ ሄደ፤ ምክንያቱም በበሩ ገብተው የጎበኙት ሰዎች ድምፅ በሰሙ ቁጥር «እዚያ ማነው?» ማለት ጀምረው ነበር። ስድስቱን መውጫ ማን እንደሚጠብቅ ያኔ ተረዳሁ።

አንድ ቀን ታጣቂዎች መጡ። ለሠፈራቸው ማገዶ ፈልገው መጥረቢያና መጋዝ ይዘዋል። በበሩ ላይ የነበርነው ሁሉ ወደ ዳር ሸሸን። ጋሽ ይመር ተነሥተው ሄዱና ሁለት እጃቸውን ወደ ታጣቂዎቹ አለቃ ዘረጉ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳበ።

«እሱን ያዝ፤ መጥረቢያውን ነው» አሉት።

ማን እንደ ሆኑ ጠየቃቸው። «የዚህ ቤት ባለቤት» አሉ፤ እጃቸውንም አላጠፉም። እዚያ ላይ ሊገደሉ ይችሉ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ በዚያ ወራት ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ሞቷል። አለቃው እጃቸውን አየ፤ እኛን አየ፤ ሁለቱን ድንጋዮች አየ። ከዚያ መጥረቢያውን ሰጣቸው። ምናልባት ከእርሱም ቀዬ ሽማግሌ እንደዚህ እጅ ይዘረጋ ይሆናል። በምንጩ ላይ ጋሽ ይመር ይህ ዛፍ በአገሩ ምን እንደሚባል ጠየቁት። ወጣቱ መዳፉን በወይራው ግንድ ላይ አሳርፎ «አውሊዕ» አለ። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ እንደዚህ ያለ እንደ ነበረ፣ አሁን መቆሙን ግን እንደማያውቅ ጨመረ። የወደቀ እንጨት ወስደው ሄዱ። ጦርነቱ በዚያ አልቆመም፤ ማታውን መድፉ ሲጮኽ አደረ። ወይራው ግን ቆመ።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት፣ ወደ ወልድያ ከመመለሴ በፊት ወይራ አፋፍን ከሥር እስከ አናት ዞሬ አዲስ ጉቶ ቆጠርሁ። የሁለት እጄ ጣቶች አላለቁም። ትይዩ ያለው ኮረብታ ድንጋዩ አግጥጧል። የጥናቴ ቅጂ ወደ ተቀመጠበት አንዱ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ አመድና የጥራዙ የላስቲክ ሽፋን አለ። ሰው እሳት አያይዞበታል። እንግዲህ ያ ጥናት ለወይራ አፋፍ የዋለው ብቸኛ ውለታ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ምትክ መንደዱ ነው።

ደኑ ከጦርነቱ ተርፎ በሰላሙ ሊጠፋ ተቃረበ። በውጊያው የፈረሰው የቀበሌው ትምህርት ቤት እንደገና ሊሠራ ሆነ። ቆርቆሮ ተገኘ፤ እንጨት አልተገኘም። በሜዳው ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ሰምቼ ከወልድያ መጣሁ፤ ሰብሳቢው ከወይራ አፋፍ ጽድና ዝግባ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ በሸራ ሥር እየተማሩ ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚለው ሐረግ ስንት ደን እንደ ጨረሰ ማወቅ ግን ሙያዬ ነው። ተነሥቼ ተናገርሁ። ስለ ውኃው፣ ስለ ተዳፋቱ፣ ስለ ብርቅ እንስሳቱ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። አንድም የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም።

«እናመሰግናለን ዶክተር» አለ ሰብሳቢው። «ልጆቹ ግን የጥናት ጣራ ሥር አይማሩም።»

ሰው ሳቀ። ተቀመጥሁ። ወደ ጋሽ ይመር ዞርሁ። ከኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ መፋቂያቸው ከአፋቸው ነው። ምንም እንደማይናገሩ ገባኝ፤ ለምን እንደማይናገሩ ግን አልገባኝም ነበር።

ታደሰ ተነሣ።

«እኔ ቆርጫለሁ» አለ። «አንድ ጽድ። እንደ ሌላው ሰው ጎብኝቼ፣ አይቼ፣ ከዚያ ቆረጥሁ። የከለከለኝ የለም። ጉቶው ወዳለበት ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ፤ ሌሊትም እሄዳለሁ በሕልሜ። በጦርነት፣ በረኃብ፣ ያን ያህል ሰው መጥረቢያ ይዞ ገብቶ ያልነካውን፣ ዛሬ ወፍጮ እየፈጨ፣ መብራት እየበራ ልንቆርጠው ነው?»

ሰዓዳ ቁጭ እንዳለች ተቀበለችው። ከወይራው ሥር የሚወጣው ውኃ የእሷ ቦይ እንደ ሆነ፣ ሰብሳቢው ጽዱን ሲቆርጥ ብርቱካኗንም አብሮ እንዲጭነው ተናገረች። ከዚያ ሌላው ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው። ቦረቦሩን ያዩ፣ ጉሬዛውን ያዩ፣ አንድ ወይራ የእኔ ጎረቤት ነው የሚሉ። ከእነርሱ መካከል መጥረቢያ ይዞ ያልገባ አልነበረም። ጋሽ ይመር ለምን እንዳልተናገሩ ያኔ ገባኝ፤ የሚሉትን ሁሉ አስቀድመው፣ በየተራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አሳይተው ጨርሰዋል።

ሰብሳቢው እጁን አነሣ። «ይሁን፤ አትቁረጡ አላችሁ። እንግዲያው ወጋግራው ከየት ይምጣ?»

ደን ለማዳን መጮኽ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

«ከጓሮዬ» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ የተናደደ ነበር። «ባሕር ዛፍ አለኝ። ለልጄ ሠርግ ያልሁት ነው። ከዚያ ቁረጡ።»

ታደሰ በደጁ ያሉትን አራት ባሕር ዛፎች ሰጠ። ሽማግሌዎቹ ሰጡ። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በጓሮው ያስቀረውን ያልነካ ሁሉ ያን ቀን እየተነሣ ሰጠ። ጸሐፊው ወይራ አፋፍ እንደማይነካ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ፤ በሕይወቴ ካነበብኋቸው የጥበቃ ሰነዶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ሲከበር ያየሁትም እርሱን ነው።

በሳምንቱ እንጨቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ። እኔ ባሕር ዛፍ የለኝም። ከሰዓዳ ጓሮ የተቆረጠውን ረጅም አግዳሚ ታደሰ ከወፍራሙ በኩል ያዘ፤ እኔ ከቀጭኑ ገባሁ። ከአስፋልቱ እስከ ሜዳው በመስመር ወጣን፤ ሴቱም ወንዱም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ ከበላያችን ወይራ አፋፍ ሙሉውን አረንጓዴ ሆኖ። ጋሽ ይመር ሸክም አልያዙም፤ ከፊት ሆነው የሥራ ዘፈን ያወጣሉ። ድምፃቸው እንደዚያ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ጽዱን ተዉት ይቁም፣ ወይራው ባለበት፤
ጓሮዬን ቁረጡት፣ ልጄ ይማርበት።

ሰዉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። እኔ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። አዝማቹን እስክይዘው ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ በሦስተኛው ያዝሁት።